ካርታን ከቤቲንግ ጋር አትደባልቁብን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ ደብረ ብርሃን ትንሽ ኮፒ ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። ደንበኛ በማይኖርበት ሰአት ጋዜጣችሁን ከፊት ገጹ እስከ ሙት አመት ማስታወቂያው ድረስ አነባለሁ፣ ደብዳቤ ጽፌ ግን አላውቅም። ዛሬ ያስጻፈኝ ባለፈው ሰሞን ስለ ወጣቶችና ቁማር ያወጣችሁት ጽሁፍ ነው። ሙሉው አላናደደኝም፣ ግማሹ ነው። ስለ ቤቲንግ ቤቶቹ የተባለው እውነት ነው፣ እኛ ሰፈርም ልጆች የምሳ ብራቸውን ይዘው ሲገቡ በአይኔ አያለሁ፣ ትኬታቸውን ኮፒ አርግልኝ ብለው እኔ ጋ ሚመጡም አሉ (የተበላ ትኬት ኮፒ ምን ያደርግላቸዋል እስከዛሬ አልገባኝም)። ያናደደኝ ጸሃፊው ወደ መጨረሻ ላይ "ካርታም ያው ነው" ብሎ፣ የካርታ ተጫዋች ችሎታ ማለት አይንን በጨው አጥቦ መዋሸት ነው፣ ቀሪው ዕድል ነው ብሎ በአንድ አንቀጽ ዘግቶት መሄዱ ነው። እኔ እዛች አንቀጽ ውስጥ ያለሁ ሰው ስለሆንኩ መልስ መስጠት ፈለኩ፣ ከረዘመባችሁ ቆርጣችሁ አውጡት፣ አልቀየምም።

ካርታ ሲባል መቼም ሁሉም ሰው ሚታየው 52ቱ ነው፣ ንጉሱ፣ ንግስቲቱ ምናምን። እሱ እኛም ቤት ነበር። አባባ ነፍሱን ይማረውና ክረምት ክረምት ከመምህራን ጓደኞቹ ጋር ኮንከር ይጫወት ነበር። ደብረ ብርሃንን ለማያውቅ ሰው ሐምሌን ማስረዳት ይከብዳል፣ ከባህር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ላይ ነው ያለነው፣ ከሰአት ጉሙ ይወርድና የጎረቤትህ ቤት እንኳን አይታይህም፣ ጋቢ ለብሰህ በላዩ በርኖስ ደርበህ ከሰል ከበህ ከመቀመጥ ውጪ ሌላ ስራ የለም። እኔ ያደኩት እዛ ከሰል ጥግ ካርታ ሲበወዝ እየሰማሁ ነው። ብር አይዙም ነበር፣ ሚይዙት የነገር ነው፣ የተሸነፈው ሰውዬ እስከ ሳምንት ድረስ አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ሙድ ይያዝበታል።

እኔ ላወራ የፈለኩት ግን ስለ ሌላ አይነት ካርታ ነው፣ ሚሰበሰብ ካርታ ሚሉት። ከነዚህ ውስጥ የመጀመሪያው ማጂክ ይባላል፣ ሪቻርድ ጋርፊልድ የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ ዶክተር ነው የፈጠረው፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ነሐሴ ላይ ወጣ፣ ፖክሞኑ ምኑ ከሱ በኋላ ነው የመጣው። ከ52ቱ ሚለየው እንዲህ ነው። በ52ቱ ሁላችንም ከአንድ ክምር ነው ምንስበው፣ ክምሩ ውስጥ ምን እንዳለ ሁሉም ያውቃል። በዚህኛው ግን እያንዳንዱ ሰው ከሰበሰበው ካርታ መርጦ የራሱን 60 ካርታ አዘጋጅቶ ይመጣል። ስለዚህ ባላጋራህ እጅ ላይ ምን እንዳለ አለማወቅህ ሳያንስ፣ ጭራሽ ይዞት የመጣው ክምር ውስጥ ምን እንዳለም አታውቅም። ድብቁ ድርብ ነው።

እዚህ ደብረ ብርሃን እንዴት ደረሰ? በኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው፣ አስራ አንደኛ ክፍል ነበርን። የአንዱ ጓደኛችን አክስት ከአሜሪካ ለክረምት ስትመጣ ከልብሱና ከሳሙናው ጋር አንድ የጫማ ካርቶን ይዛ መጣች፣ ልጇ ትልቅ ሲሆን የተወው ካርታ ነው፣ "ለልጆቹ ይሁን" ብላ። ስንከፍተው ወደ 400 ካርታ ይሆናል፣ ግማሹ ጠርዙ የተላጠ፣ አንዳንዱ ላይ በእስኪሪብቶ የልጁ ስም የተጻፈበት። ዘንዶ አለ፣ አጽም አለ፣ ክንፍ ያለው ፈረስ አለ፣ አበድን። መመሪያው ግን የለም። ልጁ ጥሎት ይሁን እናቱ ሳትከተው ቀርታ ይሁን እንጃ፣ ብቻ የለም።

እና ህጉን ከካርታዎቹ ላይ እያነበብን ራሳችን ሰራነው ማለት ይቻላል፣ መዝገበ ቃላት ተውሰን አንድ መስመር ላይ ግማሽ ሰአት እንጨቃጨቃለን፣ ያኔ ያወኩት እንግሊዝኛ ለማትሪክ ሁሉ ጠቅሞኛል። ወደ አንድ አመት ሙሉ በተሳሳተ ህግ ነው የተጫወትነው። ለምሳሌ መሬት ሚባሉ ካርታዎች አሉ፣ ለሌሎቹ ካርታዎች ኃይል ሚሰጡ፣ እና በአንድ ተራ አንድ መሬት ብቻ ነው ማውረድ ሚቻለው፣ እኛ ግን እጃችን ላይ ያለውን ሁሉ እናራግፈው ነበር፣ ጨዋታው ሳይጀመር ያልቃል። በኋላ አንዱ ልጅ አዲስ አበባ ሄዶ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ህጉን ፕሪንት አርጎ አመጣልን፣ እንደ ህገ መንግስት ነው ተሰብስበን ያነበብነው።

እማዬ አንድ ቀን አጽሙን አየችው። በቃ ሰይጣን ቤቴ አስገባህ ብላ ካርቶኑን ወደ ምድጃው ይዛ ስትሄድ ነው የደረስኩባት። ለምኜ ለምኜ አስመለስኩ፣ ሆኖም ካርቶኑ ላይ ጠበል ተረጨበት፣ እስካሁን አንዳንዶቹ ላይ የውሃው ምልክት አለ። በኋላ ሳነብ እዛው አሜሪካም ወላጆች እንዲሁ ብለው ነበር ለካ፣ ካምፓኒውም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለጥቂት አመታት አዲስ ካርታ ላይ ሰይጣን ሚለውን ነገር ማውጣት አቁሞ ነበር። እናቴ ብቻ አይደለችም ለማለት ነው።

ካርታዎቹን በአማርኛ ነበር ምንጠራቸው። ደን ሚባለው መሬት "ጫካ"፣ ትልቁ ሰውዬ "ግዙፉ"፣ የተጣለ ካርታ ሚቀመጥበት ቦታ ያው እንደ እንግሊዝኛው "መቃብር"። ጃያንት ግሮውዝ ሚባል አለ፣ አንድ ጫካ ብቻ ይፈልግና አንድን እንስሳ ለዛች ተራ ብቻ ጉልበቱንም አቅሙንም በሶስት ሶስት ያሳብጠዋል፣ እሱን "እርሾ" ነበር ምንለው። ካርቶናችን ውስጥ እርሾ ሁለት ብቻ ነበረ። ይቺን ሁለት ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ምንጫወተው የወፍጮ ቤቱ ልጅ ቤት ነው። አባቱ ወፍጮ ቤት ስለነበራቸው ነው እንዲህ ምንለው፣ አሁን ሲኖትራክ ነው ሚነዳው ስሙ ግን አልለቀቀውም። ቅዳሜ ከሰአት ወፍጮው ሲቆም ጓዳው ውስጥ የማዳበሪያ ጆንያ አንጥፈን እንቀመጣለን፣ እሱ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ካርታውን ጋቢው ውስጥ ይይዘዋል፣ ሚወጣው ሁለት ጣቱ ብቻ ነው፣ ጣቱ ደግሞ ዱቄት ነው። ካርታዎቹን ዛሬም ብታሸቷቸው በሶ በሶ ይላሉ።

አንድ ቅዳሜ እንዲህ ሆነ። እኔ 8 ነጥብ ቀርቶኛል (ሁሉም ሰው በ20 ነው ሚጀምረው፣ ዜሮ የገባ ተሸነፈ)። ፊቴ ላይ ግዙፉ አለ፣ ጉልበቱ 3 አቅሙ 3 (ጉልበት ሚመታው ነው፣ አቅም እስኪሞት ሚችለው ምት)። እሱ ጋ ያለው አንድ ድብ ነው፣ ጉልበቱ 2 አቅሙ 2። ድቡን እንዲመታኝ ላከው። አያችሁ፣ ይሄ እብደት ነው፣ በግዙፉ ካገድኩት ድቡ ይሞታል አለቀ። ግን አንድ ጫካ ሳይጠቀምባት ትቷታል፣ ቀና ብላ ቆማለች (የተጠቀሙባት መሬት ጎኗ ላይ ትተኛለች)፣ እሱም በዛ ዱቄታም ጣቱ ቀስ አርጎ መታ መታ አረጋት። እርሾ ይዟል ማለት ነው። ካገድኩ ድቡ 5 በ5 ይሆንና ግዙፌን ይበላዋል። ያለፈው ሳምንት ልክ እንደዚሁ ድብ ልኮ፣ ልክ እንደዚሁ ጫካዋን ነካ ነካ አርጎ፣ አግጄው እርሾ አውጥቶ ጉድ ሰርቶኛል። ስለዚህ አላገድኩም፣ ነጥቤ 6 ሆነ። በሚቀጥለው ተራ ደገመው፣ አላገድኩም፣ 4። አሁንም፣ 2። ከዛ ሌላ እንስሳ ወጣለትና ሁለቱን አንድ ላይ ላካቸው፣ አንዱን ባግድ በሌላው ሞትኩ።

ጨዋታው ሲያልቅ እጁን ዘረጋው። አራት ካርታ፣ አራቱም መሬት። ባዶውን ነው ሲያስፈራራኝ የነበረው።

የገረመኝ ግን እሱ አይደለም። "መቃብሩን እየው" አለኝ። የተጣሉትን ካርታዎች ገለጥኩ፣ ሁለቱም እርሾዎች እዛው ናቸው! አንዱን ጨዋታው መጀመሪያ ላይ ተጠቅሞበታል፣ ሁለተኛውን ራሴ ከእጁ አስጥዬው ነበር። በዚህ አለም ላይ፣ ቢያንስ በደብረ ብርሃን፣ ሌላ እርሾ የለም። መቃብር ደግሞ ድብቅ አይደለም፣ የፈለኩ ጊዜ አንስቼ ማየት እችል ነበር፣ ፊቴ ነው ያለው። እኔ ግዙፉን ለጥበቃ ብዬ አስቀምጬ ድቡ በመጣ ቁጥር ዞር በልለት እለዋለሁ፣ ዘበኛ ቀጥሮ ሌባ ሲመጣ በር ክፈትለት እንደማለት ነው። "አንተ እኮ መቃብር አታይም፣ ከአመት ጀምሮ ሳይህ አንዴም አይተህ አታውቅም" አለኝ። ሲኖትራክ ነጂው ያኔ አስራ ሰባት አመቱ ነው።

እንግዲህ ጸሃፊያችሁን ምጠይቀው፣ ይሄ ልጅ ምን ዋሸ? አንድ ቃል አልተናገረም። እርሾ አለኝ አላለም። ድብ መላክ መብቱ ነው፣ ጫካዋን ሳይጠቀም መተው መብቱ ነው፣ ጣቱን ማሳረፍም እንዲሁ። ውሸቱን ጨርሼ የሰራሁት እኔ ነኝ፣ እሱ ቁሳቁሱን ነው ያቀበለኝ። ደሞ በባዶ አልሰራም፣ ያለፈው ሳምንት በእውነት ያሳየኝ እርሾ ባይኖር የዛሬው ባዶ እጅ አያስፈራኝም ነበር። ሁሌ ሚቀድ ሰውማ ማንም አያምነውም፣ ሰፈራችሁ ውስጥ ያለውን ቀዳዳ አስቡት፣ ሰላም አደርክ ቢላችሁ ራሱ ትጠራጠራላችሁ። ብለፍ (በባዶ ማስፈራራት ማለት ነው) ሚሰራው ብዙ ጊዜ እውነቱን ለሚያሳይ ሰው ነው።

በትልልቆቹ የማጂክ ውድድሮች ላይ እንደውም ይሄ ነገር በህግ የተጻፈ ነው። ነጥብህ ስንት ነው ተብለህ ብትዋሽ ትቀጣለህ፣ ዳኛ ይጠራብሃል፣ ምክንያቱም ነጥብ የሁለታችሁ የጋራ ነገር ነው። እጅህ ላይ ስላለው ግን የፈለከውን ብትል ማንም አይጠይቅህም፣ ባላጋራህም እንደማያምንህ ያውቃል። በግልጹ መዋሸት ነውር፣ በድብቁ መሸወድ ጥበብ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ እያልን ያደግን ሰዎች ይሄ ሊከብደን አይገባም፣ በዱላ እግሩን የተመታው ባላባት ሜዳ ውስጥ እስካለ ድረስ ዝም ነው።

ሁሉም ጨዋታ ብለፍ አለው እያልኩ አይደለም። ገበጣ ላይ የለም፣ ጠጠሩ ሁሉ ጉድጓዱ ውስጥ እየታየህ ነው፣ መቁጠር ነው፣ እረኛ ሆኖ ያደገ የመንዝ ልጅ ሲጫወት አይታችሁ ከሆነ እጁ ሳይነሳ በፊት የት እንደሚያልቅ ቆጥሮ ጨርሷል። ሰንጠረዥም ላይ ሁሉ ነገር ግልጽ ነው፣ ግን የድሮው የኛ ሰንጠረዥ "ወረራ" ሚባል ነገር አለው፣ አንድ ነገር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ፣ እጅህ አንተ ጋ አይንህ እሱ ጋ ነው። እዛ ላይ ሰውየውን ማንበብ ይጀመራል። ካርታ ሲሆን ግን ሰውየውን ማንበብ ግማሹ ስራ ነው፣ ሌላው ግማሽ መቁጠርና ማስታወስ ነው፣ እኔ የተሸነፍኩት ሁለተኛውን ትቼ አንደኛው ላይ ስራቀቅ ነው።

ሒሳብ ሚወዱ ሰዎችም ተናግረውበታል። ጆን ፎን ኖይማን ሚባለው ትልቅ የሒሳብ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ፖከር ሚባለውን የካርታ ጨዋታ በቀመር ሲመረምር ብለፍ የባህርይ ጉዳይ ሳይሆን የሒሳብ ግዴታ መሆኑን አሳየ። ነገሩ ቀላል ነው፣ ሁሌ ጥሩ ካርታ ሲኖርህ ብቻ ከሆነ ምትደፍረው፣ በደፈርክ ቁጥር ሰው ይሸሻል፣ ጥሩ ካርታህ ምንም አይሰራልህም። አንዳንዴ በባዶ መድፈር አለብህ፣ እውነቱ እንዲከፈለው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ሊብራተስ የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ከአራት የፖከር ባለሙያዎች ጋር ለ20 ቀን 120 ሺህ ዙር ተጫውቶ አሸነፋቸው፣ ብለፍ እያደረገ። ኮምፒውተር አይን የለው፣ በጨው ሚያጥበው።

ይሄን ሳነብ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለክርክሬ ይጠቅማል ብዬ። ቆይቼ ሳስበው ግን ትንሽ ከፋኝ። ምክንያቱም እኔ ሁሌ ምለው ድሮ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲጫወት ነበር ጨዋታው ነው፣ ለካ ፊት ሳያስፈልግም ይቻላል። ኧረ ተውኝ።

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ካርቶኔን አይቶ ነው ወደዚህ ነገር የገባው፣ አሁን በስልኩ ይጫወታል። ማጂክም በኦንላይን አለ፣ ኸርትስቶን ሚባል ሌላም አለ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ። አንድ ቀን አስቀምጦ አሳየኝ። ኸርትስቶኑ ላይ የባላጋራህ ተራ ሲሆን ምንም ማድረግ አትችልም፣ ቁጭ ብለህ ማየት ነው፣ አስቀድመህ ያጠመድከው ድብቅ ወጥመድ ካለ እሱ ብቻ ነው ሚሰራልህ። ያቺ ሳትጠቀምባት ምትተዋት ጫካ የለችም ማለት ነው። እሺ ማጂኩስ አልኩት። እሱ ላይ አለች፣ ግን ሌላ ጣጣ አለ፣ ፕሮግራሙ ለማፍጠን ብሎ መልስ ምትሰጥበት ካርታ ከሌለህ ራሱ ያሳልፍልሃል፣ ካለህ ደግሞ ቆም ብሎ ይጠይቅሃል። ስለዚህ ባላጋራህ ጨዋታው ትንሽ ቆም ሲል ካየ "አሃ፣ ይሄ ነገር ይዟል" ይላል፣ ካልቆመ ባዶ ነህ። ማሽኑ ራሱ ይሰልልሃል! "እና ምን ታደርጋላችሁ?" ስለው "ጋሼ፣ ፉል ኮንትሮል ሚባል ማስተካከያ አለ፣ እሱን ካበራህ ሁሌ ቆሞ ይጠብቅሃል፣ ባዶ ሆነህም ታስመስላለህ" አለኝ። እንግዲህ የወፍጮ ቤቱ ልጅ ዱቄታም ጣት አሁን በተን መሆኑ ነው። አልዋሽም፣ ትንሽ አከበርኳቸው።

ግን አንድ ነገር ጠፍቷል፣ እሱን ማንም አያሳምነኝም። የእህቴ ልጅ ባላጋራው ሶስት አራት ካርታ ሲያወርድ አይቶ "ያ ክምር ነው" ብሎ ቀሪውን 50 ምናምን ካርታ በቃሉ ይነግርሃል። ጥሩ የተባለውን ክምር አንድ ሰው ያወጣውና በሳምንቱ አለም ሁሉ ያንኑ ይዞ ይመጣል። ድርብ ነው ያልኳችሁ ድብቅ አንዱ ተነስቷል፣ የቀረው እጅ ብቻ ነው። እኛ ያኔ ምን እንደሚመጣ አናውቅም፣ አንዱ ልጅ ካርቶኑ ውስጥ ማንም ያልፈለጋቸውን ግድግዳዎች (ማገድ እንጂ ማጥቃት ማይችሉ ካርታዎች) ሁሉ ሰብስቦ በግድግዳ ብቻ የተሰራ ክምር ይዞ መጥቶ ሁለት ሰአት ሙሉ ማንንም ሳያጠቃ ካርታችን እስኪያልቅ አስጠብቆን ያውቃል፣ ሊመታ ደርሶ የተረፈው በእህቱ ነው።

ጎበዝ ነበራችሁ ወይ ብትሉኝ አልነበርንም። የእህቴ ልጅ የዛን ቅዳሜ ጨዋታ ብነግረው በአንድ ደቂቃ ነው አምስት ስህተት ያወጣልኝ፣ አንዱ እንደውም ግዙፉን ለጥበቃ ማስቀመጤ ራሱ ጅልነት ነው፣ ድቡ ሲያጠቃ ጎኑ ላይ ስለሚተኛ በኔ ተራ ማገድ አይችልም ነበር፣ መልሼ በሶስት በሶስት መምታት እችል ነበር አለኝ። ልክ ነው። ሃያ አመት ሲቆጨኝ የኖረው አለማገዴ ነበር፣ አሁን ሌላ ቁጭት ጨመረልኝ። የኛ ትልቅ ጥበብ ምንለው ነገር ግማሹ አለማወቅ ነው የነበረው፣ ባለማወቃችን ግን እያንዳንዱ ቅዳሜ አዲስ ነበር። የናፈቀኝ ችሎታችን ሳይሆን እሱ ይመስለኛል፣ ወይ ደግሞ አስራ ሰባት አመት መሆን ነው የናፈቀኝ፣ ካርታውን እያሳበብኩ።

ጸሃፊው ላይ ብቻ እንዳልጮህ አንድ ነገር ልመንለት። ማጂክ ሲጀመር መያዣ ነበረው። በመጀመሪያው ህግ ሁለቱም ተጫዋች ከክምራቸው አንድ አንድ ካርታ አውጥተው ያስቀምጣሉ፣ ያሸነፈ ሁለቱንም ይወስዳል፣ ልክ ብይ ስንጫወት "የምር ነው የውሸት?" ብለን እንደምንጀምረው። ብዙ ሰው አልወደደውም፣ ቁማር ነው የሚል ነገርም መጣ፣ ካምፓኒውም ቀስ በቀስ ተወው። እኛም አንድ ሰሞን የምር ሞክረን ነበር፣ ክንፍ ያለው ፈረስ የተበላበት ልጅ ሶስት ሳምንት አኮረፈን፣ ከዛ ወደ ሻይና ብስኩት ተመለስን። ገንዘቡም ሌላ ጣጣ ነው፣ ብላክ ሎተስ ሚባል እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ካርታ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 አንዱ በጨረታ ከ500 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጠ፣ ሚገዙት ሰዎች በፕላስቲክ አሽገው መደርደሪያ ላይ ነው ሚያስቀምጡት፣ ብዙዎቹ አይጫወቱበትም። ይሄን ዜና የሰማሁ ቀን ሱቁን ዘግቼ ቤት ሄጄ ካርቶኑን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። የለም። ካለን ውስጥ በጣም ውዱ አንድ ማኪያቶ ቢገዛ ነው፣ እሱም ጠበል ነክቶታል።

ቤቲንጉ ላይ ግን ልመለስና፣ ልዩነቱ ብር መኖሩ ብቻ አይደለም። ቤቲንግ ላይ ባላጋራህን አታውቀውም፣ ፊት የለውም፣ መቃብሩን ልይ ብትል መቃብር የለውም፣ ሃያ ሁለት ሰዎች አውሮፓ ውስጥ ሚሮጡት አንተን ሳያውቁህ ነው። ልጁ ተሸንፎ ሲወጣ ምን ተማረ? ምንም። እኔ ከዛ ቅዳሜ በኋላ መቃብር ማየት ተምሬያለሁ፣ ኮፒ ቤቴ ውስጥ ራሱ ዱቤ የወሰደ ሰው ተመልሶ ሲመጣ ከፊቱ በፊት ደብተሩን ነው ማየው።

ያለፈው ገና የወፍጮ ቤቱ ልጅ መኪናውን አቁሞ መጣ። ጣርማ በር ላይ ጉም ይዞት አመሻሽቶ ነው የደረሰው። የእህቴ ልጅም ነበር፣ ካርቶኑን አወጣንና ዶሮው እስኪደርስ አንድ ዙር ተጫወትን፣ የወፍጮ ቤቱ ልጅ አሁን ጋቢ ትቶ ጃኬት ነው ሚለብሰው፣ ሆዱም ወጥቷል፣ ካርታውን ግን እዛው ጃኬቱ ውስጥ ነው ሚይዘው። እኔ 7 ነጥብ ላይ ስደርስ ድቡን ላከ። አንድ ጫካ ቆማለች። ጣቱን አሳረፈባት።

መቃብሩን አነሳሁት። አንድ እርሾ። ደግሜ ቆጠርኩ፣ አንድ ነው። የእህቴ ልጅ ከጎኔ ሆኖ "ጋሼ፣ ክምሩ ላይ 31 ቀርቷል፣ እጁ ላይ 3 ነው፣ የመያዙ ዕድል ከአስር አንድ አይሞላም፣ እገደው" አለኝ በሹክሹክታ። ቀና ብዬ የወፍጮ ቤቱን ልጅ ፊት አየሁት። "ሻይህ እየቀዘቀዘ ነው" አለኝ።

አገድኩት። ይዞ ነበር። የእህቴ ልጅ እየተነሳ በሳቅ ሲንፈራፈር ሻዬን ካርታው ላይ ደፋው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን